የተሰጠውን ልጅ የቆጠረችው ነርስ

የሲስተር አይናለምን ሞት የሰማሁት ሐዋሳ፣ ፀጉሬን እየተቆረጥኩ ሳለ ነው። የደወለልኝ ሶዶ አብሮን የሠራ ሾፌር ነበር። «አይኔ አረፈች፤ ደም ግፊት ነው አሉ» አለኝ። መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው፤ ሐዘኑ ቆይቶ ደረሰ። ሰው ሁሉ ግፊቱን እንዲለካ በየኮሪደሩ ስትጮህ የኖረች ሴት የራሷን ክንድ ለመለካት ጊዜ አጣች! ግማሽ ፀጉሬ ተቆርጦ ግማሹ ሳይቆረጥ ተነሥቼ ወጣሁ። በማግስቱ ለቀብር ያደገችበት ተበላ ከተማ ስደርስ ባርኔጣ አድርጌ ነበር። ብታየኝ ኖሮ «ይሄ ደግሞ ምን ሆኖ ነው?» ብላ ለቀስተኛው ፊት ታወልቅልኝ ነበር።

አይናለም ወላይታ ሶዶ አብረን በሠራንበት ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ኃላፊ ነርስ ነበረች። እኔ የላቦራቶሪ ሰው ነኝ፤ ከጎጃም ተመድቤ ስመጣ ስለ አገሩ የማውቀው ዳጣ የሚባል የሚያቃጥል ነገር እንዳለ ብቻ ነው። እሷ የተበላ ከተማ ልጅ ናት። ረጅም፣ ድምፀ ጎርናና፣ እሑድ እሑድ ከመዘምራኑ መካከል ቆማ ስትዘምር የሌሎቹን ድምፅ የምትውጥ። ባል አላገባችም፣ ልጅም አልወለደችም። አንዱ ደፋር ለምን እንዳላገባች ቢጠይቃት «አልጋው ሁሉ በልጅ ተይዞ እሱን የት ላስተኛው?» አለችው።

ግራ እጇ ላይ ሰፊ የወንድ ሰዓት ታስራለች። ልትጣላ ስትል ሰዓቱን ከአንጓዋ ወደ ክርኗ ትገፋዋለች። ይህን ሐኪሙም ጽዳቱም አስታማሚውም ያውቃል፤ ሰዓቱ ወደ ላይ ከወጣ መሸሽ ነው። አንድ ጊዜ ከበላይ አካል ጉብኝት ይመጣል ተብሎ ከግምጃ ቤት አዳዲስ አንሶላ ወጣ። እንግዶቹ አዩ፣ አመሰገኑ፣ ፎቶ ተነሡና ሄዱ። መኪናቸው ከግቢ ሳይወጣ የግምጃ ቤቱ ሰው አንሶላውን ልሰብስብ ብሎ መጣ። አይናለም ሰዓቷን ገፋች። «ውሰድ» አለችው። «ግን ከላዩ ያሉትን ልጆች አንድ በአንድ አቅፈህ አንሣና፣ ለየእናቶቻቸው 'ይህ ለእንግዳ ነው እንጂ ለልጅሽ አይደለም' እያልክ ውሰድ።» ሰውዬው እናቶቹን አየ። አንሶላው እዚያው ቀረ።

ከሁሉ የምትጠላው «የለም» የሚባለውን ቃል ነው። መድኃኒት የለም፣ ደም የለም፣ አልጋ የለም። «'የለም' ብሎ መልስ አለ እንዴ? የት ነው ያለው? እሱን ንገረኝ» ትላለች። ለአንድ ጨቅላ የሚሆን ቀጭን መርፌ ፍለጋ በሚኒባስ ቦዲቲ ድረስ ሄዳ ታውቃለች። ይህን ጠባይዋን እወድላት ነበር ብል ውሸት ነው። «ደም የለም» ልል ስዘጋጅ የጫማዋ ድምፅ ከኮሪደሩ ጫፍ ይሰማኝና ፍሪጁን እንደገና እከፍት ነበር።

ሰላማዊት የምትባል ልጅ ከዲምቱ የመጣችው በሰባት ዓመቷ ነው። አፍንጫዋ ደምቶ አልቆም ብሎ ነበር፤ እግሮቿ ማንም ሳይመታት በልዘዋል። ደሟን የመረመርኩት እኔ ነኝ። ቀዩም፣ ነጩም፣ ደም የሚያረጋውም ሕዋስ ወርዶ ወርዶ ሳየው ማሽኑ የተበላሸ መስሎኝ ደግሜ ሠራሁት። ማሽኑ ደኅና ነበር። የክፍሉ ሐኪም ዶክተር ሄኖክ ወደ አዲስ አበባ ላካት፤ ከአጥንቷ መቅኔ ናሙና ተወስዶ መልሱ መጣ። ደም የሚሠራው መቅኔ ሥራውን አቁሟል። የሰው ደም እየሰጡ ለጊዜው ማቆየት ይቻላል። እንድትድን ግን ጤነኛ መቅኔ ከሌላ ሰው ተወስዶ ሊሰጣት ይገባል፤ ሐኪሞቹ የስቴም ሴል ንቅለ ተከላ የሚሉት ነው።

ዶክተር ሄኖክ ለስላሳ ሰው ነው። እናቲቱን ዳመነችን አስቀምጦ ቀስ ብሎ ነገራት። «ይህ ሕክምና በቅርባችን የለም። በእኛ አካባቢ አገሮች ለሕፃናት የሚሠራባቸው ቦታዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ግን ውጭ አገር ተልከው የዳኑ የእኛ ልጆች አሉ፤ በር ማንኳኳት እችላለሁ። መጀመሪያ መቅኔው የሚገጥማት ሰው ያስፈልጋል። የሚሻለው ከአንድ እናትና አባት የተወለደ ወንድም ወይም እህት ነው። አላት?»

«የላትም» አለች ዳመነች። ባሏ ሰላማዊት ጡት ሳትጥል ነው የሞተው። «ያለችኝ እሷ ብቻ ናት።»

ዶክተሩ አንገቱን ደፋ። አይናለም እዚያው ቆማ ነበር፤ ሴትዮዋን ትክ ብላ አየቻት እንጂ አልተናገረችም። «የለም» ሲባል ሰምታ ዝም ስትል ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ወሬው በየዘመዱ ደርሶ በሳምንቱ አንድ አይሱዙ ሙሉ ሰው ደም ልስጥ ብሎ መጣ። እጅጌያቸውን ሰብስበው የላቦራቶሪዬ በር ላይ ተሰለፉ። ነገር ግን እንዲህ ላለች በሽተኛ የዘመድ ደም አይሰጥም፤ ሰውነቷ ከዘመዶቿ ደም ጋር አንዴ ከተጣላ በኋላ ከዘመድ የሚመጣውን መቅኔም አልቀበልም ሊል ይችላል። ይህን ለአንድ አይሱዙ ሰው በር ላይ ቆማችሁ እስቲ አስረዱ። ከሁሉ የተቆጣው የልጅቷ አጎት፣ የሟች አባቷ ወንድም፣ የቦዲቲው አቶ ማርቆስ ነው።

«ደሜ ምን ሆነች?» አለኝ ክንዱን እንደ ዘረጋ። «አጎቷ አይደለሁም? የባዳ ደም ገብቶላት የእኔ የማትገባ ለምንድነው?»

«ጋሼ፣ ደምዎ ጥሩ ነው። ዘመድ ስለሆኑ ነው የማይሆነው።»

«ዘመድ ስለሆንኩ!» ብሎ ወደ ሰልፉ ዞረ። «ሰማችሁ? ጎጃሜው ዘመድነት በሽታ ነው ይላል!»

ያዳነችኝ አይናለም ናት። በወላይትኛም በአማርኛም እየቀላቀለች «ደማችሁን ለሌላው ሰው ልጅ ስጡ፤ የሌላው ዘመድ ደግሞ ለሰላማዊት ይሰጣል» አለቻቸው። ይሄ ገባቸው። ማርቆስም እያጉረመረመ ክንዱን ሰጠኝ።

ማርቆስ ልጁን ካሌብን ይዞ መጥቶ ነበር፤ አሥር ዓመት ያለፈው፣ ዝምተኛ ልጅ። ዳመነች አልጋው አጠገብ ቆማ የመጣውን ዘመድ ትልቅ ትንሽ ሳትል እያቀፈች ትስማለች። ካሌብ ሲደርስ ግን አልሳመችውም። ከቤት የመጣላትን ቦዬ የሚባል ቅቅል ሥራሥር ልጣ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ እጇን ብቻ ዘረጋችለት። እኔ ይህን አይቼው አላየሁትም። አይናለም ግን አየችው። ዘመዱ ሁሉ ሲሄድ ዳመነችን ወደ ነርሶች ክፍል ጠርታ በሩን ዘጋች፤ እኔ የደም ከረጢት ላስረክብ ገብቼ ነበርና ውጣ ያለኝ የለም።

«ያን ልጅ ማን ወለደው?»

«የማርቆስ ልጅ ነው።»

«የማን ነው አላልኩሽም። ማን ወለደው?»

ዳመነች በነጠላዋ አፏን ያዘች። «ሲስተር፣ የሰጡት ልጅ አይቆጠርም» አለች።

ማርቆስና ሚስቱ ሣራ ልጅ አጥተው ኖረዋል። የዳመነች ባል የበኩር ልጁን ገና ጡት እንደ ጣለ ለወንድሙ ሰጠ። በዚያ ቤተሰብ ልጅ ከተሰጠ ተሰጠ ነው። ወላጅ «የእኔ ነው» አይልም፣ ልጆቹን ሲቆጥር አይጨምረውም፣ ሰው ፊት አይስመውም፤ ከቆጠረው የሰጠውን መልሶ እንደ ነጠቀ ይቆጠርበታል። እንግዲህ ዶክተሩ ሲጠይቃት ዳመነች አልዋሸችም። በምታውቀው አቆጣጠር ነው የመለሰችው።

«ባሌ ቃል ሰጥቶ ሞተ» አለች። «የሞተ ሰው ቃል እንዴት ላፍርስ?»

«ልጅሽ ናት እኮ የምትሞተው!»

«አውቃለሁ» አለችና አለቀሰች።

የአይናለም ሰዓት ክርኗ ጋ ደርሶ ነበር። የምትጮህባት መስሎኝ ነበር፤ አጠገቧ ተቀመጠች። «አንቺ አትጠይቂ» አለቻት። «ቃሉ ያንቺና የባልሽ ነው። እኔ ለማንም ምንም ቃል አልሰጠሁም።»

ዶክተር ሄኖክ ነገሩን ሲሰማ አሳዳጊዎቹ ሳይፈቅዱ ከልጁ አንዲት ጠብታ እንደማይወሰድ አስጠነቀቀ፤ ልክ ነበር። «ታዲያ ላስፈቅድ እንጂ ልሰርቅ ነው የምሄደው?» አለችው። የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ደርሷል። በጊፋታ የተጣላ ይታረቃል፤ ቂም ይዞ ከአንድ ማዕድ መብላት ነውር ነው። አብሬያት እንድሄድ ስትጠይቀኝ ምን እንደምሠራላት ጠየቅኋት። «ስለ መቅኔው ታስረዳለህ። ደግሞ ስድብ ከመጣ ጎጃሜው አለ» አለች።

ቦዲቲ ስንደርስ ማርቆስ በዓል ነውና ቂሙን ረስቶ ተቀበለን። ሣራ ሥጋውን ከነዳጣው፣ በቅቤ የራሰውን ቆጮ ከጎኑ አድርጋ አቀረበች። ቁርስ አልበላሁም ነበር፤ ማዕዱ ሳያርፍ ጎረስኩ። ቀና ስል አይናለም እጇን እንኳ አልታጠበችም። ውሃ ይዞ የመጣውን ካሌብን «ቆይ የኔ ልጅ» ብላ መልሳዋለች። ጉርሻው አፌ ውስጥ እንዳለ ማኘኬን አቆምኩ።

«ሲስተር፣ ብዪ እንጂ» አለ ማርቆስ።

«አልበላም። ቂም አለብኝ።»

«በጊፋታ? በማን?»

«በአንተ።»

ማርቆስ ካሌብን ጥጃውን እንዲያይ ወደ ጓሮ ላከው። ለምን እንደመጣች ገብቶታል ማለት ነው። «ዳመነች ናት የላከችሽ?» አለ።

«እሷማ አንዲት ቃል አልወጣትም። ልጇ ዓይኗ ፊት እየሞተች ቃልህን ጠብቃልሃለች። አንተስ ምን ጠበቅህላት?»

«ልጄ ነው!» አለ። «ደሜን ስጡ ብትሉ ሰጠሁ። ኩላሊቴን ውሰዱ፣ ዓይኔን ውሰዱ። እሱን አትንኩብኝ። ዛሬ መቅኔውን ይላሉ፤ ነገ 'ወንድሟ ነው' ብለው ልጁን ይላሉ። ያን ጊዜ እኔና ሣራ ምን ይቀረናል?»

አይናለም ሰዓቷን ስትገፋ እየጠበቅሁ ነበር። አልገፋችውም።

«እኔም የተሰጠሁ ነኝ» አለች። «ተበላ ያሳደገችኝ የእናቴ እህት ናት። የወለደችኝ በገበያ ቀን ከቆላ ቦሎቄ ይዛ ትመጣለች። መንገድ ላይ ካገኘችኝ እንደ ማንኛውም ሰው ሰላም ትለኛለች። 'እናትሽን ሰላም በዪልኝ' ትለኛለች። እናትሽን! መሰጠቴ አልከፋኝም፤ ያሳደገችኝ እናቴ ናት፣ ማንም ከእሷ አይወስደኝም። የከፋኝ ስትሰጠኝ ዓይኗንም አብራ መንሳቷ ነው። ዳመነች ለካሌብ ቦዬውን ስትሰጠው ፊቷን አዞረች። አቶ ማርቆስ፣ ያን የዞረ ፊት እኔ አውቀዋለሁ። ልጁም ያውቀዋል።»

ማርቆስ ካሌብ ወደ ወጣበት ወደ ጓሮው በር ዞረ።

«ማንም አይወስድብህም። እስከ ዛሬ ወንድምህ ሰጪ ነበር፣ አንተ ተቀባይ። ዛሬ አንተ ሰጪ ሁን። ከሰጪ እጅ ማን ይነጥቃል?»

መልሱ የመጣው ከጓዳው በር ነው። ሣራ የቅቤውን ዕቃ አቅፋ ቆማ ትሰማ ነበር። «ያማል?» አለችኝ።

ጉርሻዬን እንደምንም ዋጥኩና አስረዳሁ። ያስተኙታል፣ ከዳሌ አጥንቱ ይቀዳሉ፣ ለጥቂት ቀን ወገቡን ያመዋል፣ የተቀዳውን ሰውነቱ መልሶ ይተካል። መጀመሪያ ግን ምርመራ ነው፤ ከአራት ወንድምና እህት የሚገጥመው አንዱ ቢሆን ነውና ላይገጥምም ይችላል አልኳት።

«ከገጠመ ግን፣ ከዚያ በኋላ የእኔ ልጅ ሆኖ ይመለሳል?» ይህን የጠየቀችው አይናለምን ነው።

«ያንቺ ልጅ ሆኖ ይመለሳል። እህት ግን ይኖረዋል።»

ሣራ ባሏን አላየችም። «እናቱ እኔ ነኝ» አለች። «እሱ እሺ ካለ እኔ ሰጥቻለሁ። ሲስተር፣ አሁን እጅሽን ታጠቢ።»

ካሌብ ተጠራ። ሣራ ራሷ በወላይትኛ ነገረችው። ልጁ መሬት መሬት እያየ ሰማና «ሰላማዊት እህቴ እንደሆነች ድሮ አውቃለሁ። ትምህርት ቤት ነግረውኛል» አለ። ከዚያ ምርመራውን ይሞክሩት ብሎ ወደ ጥጃው ተመለሰ። ማርቆስ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። አይናለም እጇን ታጥባ በላች። እንዴት አድርጋ በላች! ለእኔ ከተረፈው ዳጣው ይበዛል።

ናሙናው ተልኮ መልሱ እስኪመጣ ሰላማዊት ሁለት ጊዜ ሞት አፋፍ ደርሳ ተመለሰች። አይናለም ጓንት እያጠለቀች ጮክ ብላ ትጸልያለች፤ ጸሎቷም ያው ፀብ ነበር። «ጌታ ሆይ፣ አንተም እንደነዚህ 'የለም' እንዳትለኝ!» አላላትም። የካሌብ መቅኔ ገጠመ። የጉዞውና የሕክምናው ወጪ እንዴት እንደተሸፈነ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው፤ ስንት በር ላይ ያ ሰዓት ወደ ክርን እንደ ወጣ የሚያውቁት የበሮቹ ባለቤቶች ናቸው። ሰላማዊት ከእናቷ፣ ከካሌብና ከማርቆስ ጋር ውጭ አገር ሄደች። እዚያም ትኩሳት አለ፣ ማስመለስ አለ፣ ተስፋ የሚያስቆርጥ ሳምንት አለ። አይናለም ስትደውል ሰላምታ የላትም፤ «ነጭ ደሟ ተነሣ?» ነው የምትለው። አንድ ጠዋት ላቦራቶሪዬ ገብታ ምንም ሳትናገር አቅፋኝ እንደ ሕፃን አለቀሰች። መቅኔው ያዘ።

የተመለሱ ቀን ሣራ ልጇን ልትቀበል ከቦዲቲ መጥታ ነበር። ዳመነች በሆስፒታሉ ግቢ መካከል፣ ያ ሁሉ ዘመድ እያየ፣ ካሌብን ሁለት ጉንጩን ይዛ ሳመችው። ሣራ አጠገቧ ቆማ ነበር። ከዚያ ሣራ እጁን ያዘችና ወደ ቦዲቲ፣ ወደ ቤታቸው ወሰደችው።

ያን ቀን አይናለምን «አንቺስ? ያችን የቦሎቄዋን ሴትዮ ለምን አትጠይቂያትም?» አልኳት። ሰዓቷን ዳሰሰች እንጂ አልገፋችውም። «ለሰው እንጂ ለራሴ መጣላት አልችልበትም» አለችና ወደ ልጆቿ ገባች። ብዙም ሳይቆይ እኔ ወደ ሐዋሳ ተዛወርኩ። በዚህ ንግግሯ ግን ዛሬም ስቆጣ እኖራለሁ፤ እሷን የሚያህል ሰው ለራሷ የሚጣላላት አንድ ሰው እንዴት ታጣለች?

የቀብሯ ቀን ተበላ በሰው ሞልታ ነበር። አሁን ትምህርት ቤት የምትሄደው ሰላማዊት ከካሌብ ጋር ቆማለች፤ ማርቆስና ሣራ ከኋላቸው፣ ዳመነች ከእኔ አጠገብ። ከቤተ ክርስቲያኑ አንድ ወጣት አገልጋይ የሕይወት ታሪኳን ያነብ ጀመር። የት እንደ ተማረች፣ የት እንዳገለገለች አነበበና «እኅታችን ሲስተር አይናለም ለእናቷ አንድያ ልጅ ነበረች» አለ።

ከሴቶቹ ሁሉ ኋላ ብቻዋን የተቀመጠች አንዲት አሮጊት ተነሣች። ረጅም ናት። የእጇን የነሐስ አምባር ከአንጓዋ ወደ ክርኗ ገፋችው። ገና ሳትናገር ማን እንደሆነች ዐወቅሁ።

በዚያው በጎርናና ድምፅ በወላይትኛ ጮኸች። ሰው ሁሉ ዞረ። ዳመነች እጄን ጨምድዳ ይዛ በጆሮዬ ተረጎመችልኝ። «'የወለድኳት እኔ ነኝ። ሰጠኋት እንጂ አልጣልኳትም። ከእኔም ጋር ቁጠሯት' ነው የምትለው።»

አገልጋዩ ግራ ተጋብቶ ወረቀቱን ላይ ታች አየ። «እናቴ፣ እዚህ የተጻፈው ላይ ይህ የለም» አለ።

ማርቆስ ሰዉን በክርኑ እየገፋ ወደ ፊት ወጣ።

«የለም አትበል!» አለ። «ይኸው ቆማለች! ጻፋት!»

ወጣቱ ማርቆስን አየ፣ አሮጊቷን አየ። ከዚያ ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ አወጣና «እናቴ፣ ስምዎን ይንገሩኝ» አላት።